ንጉሥ የሌለበት ካርታ

የአውሮፓ ትልልቅ ሙዚየሞች መውጫቸው ሱቅ ነው። ሥዕሉን አይቶ የጨረሰ ሰው በሱቁ መሀል ሳያልፍ በር አያገኝም። እዚያ ማግኔት አለ፣ ኩባያ አለ፣ ጃንጥላ አለ፣ ሻርፕ አለ። ቅድም ግድግዳ ላይ የታየው ሥዕል አሁን ዕቃው ሁሉ ላይ ታትሟል። መጫወቻ ካርታም አይጠፋም። 52 ካርታ፣ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ታዋቂ ሠዓሊ ሥራ፣ ደስ በሚል ሳጥን ውስጥ።

እኔ ካርታም እወዳለሁ፣ ሥዕልም እወዳለሁ። ቪየና የምትኖረው እህቴ «ይሄማ ላንተ የተሠራ ነው» ብላ አንድ አምጥታልኛለች። የጉስታቭ ክሊምት ሥዕሎች ናቸው። ክሊምትን በስም የማያውቅ ሰው እንኳ ያንን የሚሳሳሙ ጥንዶች ሥዕል የሆነ ቦታ አይቶታል፤ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ፣ የስልክ ሽፋን ላይ፣ ትራስ ላይ። ወርቅ የተለበጠ ካባ የደረበ ወንድ፣ ዓይኗን የጨፈነች ሴት፣ ከሥራቸው የአበባ መስክ። ሥዕሉ የተሠራው በ1907 እና በ1908 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ሳነሳ እናገራለሁ)። ዛሬ ቪየና፣ ቤልቬዴሬ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል። ቁመቱም ወርዱም 180 ሴንቲ ሜትር ነው።

የፖከር ካርታ ደግሞ 88 ሚሊ ሜትር በ63 ነው። ቁመትና ወርዱ እኩል የሆነን ሥዕል ረዘም ጠበብ ባለ ወረቀት ላይ ለማስገባት መቁረጥ ግድ ነው። ቆርጠውታል። የወንዱ ትከሻ የለም፣ የአበባው መስክ ግማሹ የለም፣ ወርቁም ሲታተም ወደ ቡናማ ሄዷል።

ለበዓል ይዤው ወጣሁ። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል፣ ኮንከር ልንጫወት ተቀምጠናል። ካርታው ተበወዘ፣ ታደለ። ወዲያው ጭቅጭቅ ተነሳ። «ይሄ ስንት ነው?» «ሰባት።» «የምን ሰባት?» ቁጥሩም ምልክቱም ጥግ ላይ ጤፍ አክለው ነው የተጻፉት፤ ሥዕሉ ቦታውን ሁሉ ወስዶታል። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉና «ልጄ፣ ሁሉም ላይ ሴት ናት ያለችው። ንግሥቷ የትኛዋ ናት?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ጥጉ የተላጠው የድሮ ካርታ መጣና ጨዋታው ቀጠለ።

ክሊምት ምንም አላጠፋም። ሰውየው ሥዕል ነው የሣለው። በ1918 ሞተ፤ ካርታ ላይ የለጠፉት ከዓመታት በኋላ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ለእኔ ሥዕል የተለጠፈበት ካርታና ሠዓሊ የሠራው ካርታ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው፣ ቁጥር የተጻፈበት ፖስት ካርድ ነው። የሁለተኛው ዓይነት ብርቅ ነው፤ ሲገኝ ግን ጉድ ያሰኛል። ዛሬ ልጽፍበት የፈለግኩት እንደዚያ ስላለ አንድ ካርታ ነው፤ በጦርነቱ ዘመን ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ላይ የተጠለሉ ሠዓሊዎች ስለሠሩት።

መጀመሪያ ግን ስለ ተራው ካርታ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ይንቀዋልና። ካርታ ብዙ ነገር ይጠየቃል። ጀርባው ከሌሎቹ ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዷ ላይ ትንሽ ነጥብ ካለች ጨዋታው አለቀለት። ፊቱ ደግሞ በአንድ እይታ መለየት አለበት፤ 13 ካርታ በእጁ ዘርግቶ የያዘ ሰው የሚያየው የእያንዳንዱን ጠርዝ ብቻ ነው። ተገልብጦ ቢመጣም መነበብ አለበት። በሻማ ብርሃንም መነበብ አለበት፤ መብራት በሄደበት ማታ የተጫወተ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አላሰበውም። ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ፣ ማምሉኮች ከሚገዟት ግብፅ በኩል ነው። ኢስታንቡል፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ አንድ የማምሉክ ካርታ ተቀምጧል። ምልክቶቹ ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና የፖሎ ዱላ ናቸው። የሰው ምስል የለበትም፤ ንጉሡም ምክትሎቹም በጽሑፍ ብቻ ነው ያሉት። ፈረንሳዮች በ1480 አካባቢ ዛሬ እኛም የምንጫወትባቸውን አራቱን ቅርጾች አመጡ። ልብ፣ ዳይመንድ፣ ስፔድና አበባው። ብልጠታቸው ቅርጹን ማቅለላቸው ነው። ሁለቱ ቀይ፣ ሁለቱ ጥቁር፤ ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ወረቀት ላይ ቀለም ማለፍ ብቻ። ሥራው ፈጠነ፣ ዋጋው ረከሰ፣ ካርታው ዓለምን ያዘ። ጥግ ላይ ቁጥር መጻፍ የተለመደው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ጆከርም የዚያው ዘመን ነው፤ በ1860ዎቹ አሜሪካ የተወለደ።

በነገራችን ላይ የፈረንሳይ ካርታ ነገሥታት ስም አላቸው። የልቡ ሻርለማኝ፣ የዳይመንዱ ቄሳር፣ የአበባው ታላቁ እስክንድር ነው። የስፔዱ ንጉሥ ዳዊት ነው፤ ያውም በገናውን ይዞ። መዝሙረ ዳዊት ያስደገሙን የኔታ ዳዊትን ቁማር ጠረጴዛ ላይ ቢያገኙት ምን ይሉ ይሆን እያልኩ አንዳንዴ እስቃለሁ።

እንግዲህ ሠዓሊ ካርታ ልሥራ ብሎ ሲነሳ ከዚህ ሁሉ ጋር ነው የሚጋፈጠው። የሞከሩ አሉ። ከዩክሬን ወጥታ ፓሪስ የኖረችው ሶንያ ደሎኔ የሠራችው ካርታ በ1964 ጀርመን ውስጥ ታትሟል። እሷ ዕድሜዋን ሁሉ ክብና ግማሽ ክብ፣ ደማቅ ቀለም ከደማቅ ቀለም ስታጋጥም የኖረች ናት፤ ጨርቅም ልብስም ሠርታለች። ስለዚህ ካርታ አልከበዳትም። ስፔናዊው ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊም በ1967 የራሱን አውጥቷል። ያምራል፣ ግን ዳሊነቱ ይበዛል፤ እያንዳንዱ ካርታ «እዩኝ» ይላል።

አሁን ወደ ማርሴይ።

በሰኔ 1940 ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን ተሸነፈች። የተፈረመው የጦር ማቆም ስምምነት 19ኛ አንቀጽ፣ ጀርመን ስም ጠርታ የምትፈልጋቸውን ጀርመናውያን ፈረንሳይ አሳልፋ እንድትሰጥ ያስገድዳል። ከሂትለር ሸሽቶ ፓሪስ የተጠጋ ጸሐፊ፣ ሠዓሊ፣ ፖለቲከኛ፣ አይሁዳዊ ሁሉ ወደ ደቡብ ሮጠ። ደቡቡ ገና በጀርመን ጦር አልተያዘም፤ ማርሻል ፔታን የሚመሩት የቪሺ መንግሥት ነበር የሚያስተዳድረው። ማርሴይ ደግሞ ወደብ ናት። ከዚያ መርከብ ይገኛል የሚል ተስፋ አለ።

መርከቡ ብቻውን አይበቃም። የፈረንሳይ መውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል። የስፔን መሸጋገሪያ ቪዛ ያስፈልጋል፣ የፖርቱጋልም ያስፈልጋል፣ የሚቀበል አገር ቪዛም ያስፈልጋል። አንዱ ሲገኝ የሌላው ቀን ያልፍበታል። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ካርቱም ወይም ናይሮቢ ተቀምጦ ወረቀት የጠበቀ ዘመድ የሌለው ማን አለ? የጤና ምርመራው አልፎ ኢንተርቪው ሲቀጠር፣ ኢንተርቪው ሲያልፍ ደግሞ የጤና ምርመራው ጊዜው ሲያልፍበት ስንቱን አይተናል።

በዚያ ነሐሴ ቬሪያን ፍራይ የሚባል የ32 ዓመት አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ማርሴይ ደረሰ። 3,000 ዶላርና ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ስም ዝርዝር ይዟል። የላከው ኒው ዮርክ ውስጥ የተቋቋመ አስቸኳይ የነፍስ አድን ኮሚቴ ነው። ለአጭር ጊዜ ነበር አመጣጡ። በመስከረም 1941 የቪሺ መንግሥት እስኪያባርረው ድረስ ቆየ፤ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዲያመልጡ ረድቷል። በሕጋዊ መንገድም፣ በተጭበረበረ ወረቀትም፣ በፒሬኔ ተራራ የእግር መንገድም።

የፍራይ ሰዎች ከከተማው ወጣ ብሎ ላ ፖም በሚባል ሰፈር አንድ ያረጀ ትልቅ ቤት ተከራዩ። ቪላ ኤር ቤል ይባላል። 18 ክፍል አለው፤ በትራም ይደረሳል። እዚያ የገባው የሱሪያሊስቶች (ጥበብን ከህልምና ሳይታሰብ ከሚመጣ ነገር የሚፈልጉ ገጣሚዎችና ሠዓሊዎች ናቸው) መሪ ገጣሚው አንድሬ ብረቶን ነው፤ ሠዓሊዋ ሚስቱ ዣክሊን ላምባና ትንሿ ልጃቸው ኦብ አብረውት ናቸው። ከስታሊን ያመለጠው አብዮተኛ ጸሐፊ ቪክቶር ሰርዥም እዚያው ነው። ሰርዥ ለቤቱ ስም አወጣለት፦ «ቪዛ ይመጣል ቤተ መንግሥት»። ስደተኛ ቀልዱ የትም አገር አንድ ነው።

ክረምቱ የከፋ ነበር። የሚነድ እንጨት የለም፤ ምግብ በራሽን ነው። በታኅሣሥ ፔታን ማርሴይን ሲጎበኙ ፖሊስ ቤቱን ፈተሸና ነዋሪዎቹን ወደብ ላይ በቆመ መርከብ ለቀናት አጎራቸው። ግን እሑድ እሑድ ከከተማው ሌሎች ሠዓሊዎች ይመጡ ነበር። ማክስ ኤርንስት ይመጣል፤ ሥዕሎቹን ዛፍ ላይ ሰቅሎ አሳይቷል። ኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ይመጣል። አንድሬ ማሶን፣ ቪክቶር ብራውነር፣ ኦስካር ዶሚንጌዝ፣ ዣክ ኤሮልድም ይመጣሉ። የብራውነርና የዶሚንጌዝ ነገር ብቻውን ታሪክ ነው። በ1938 ፓሪስ ውስጥ ዶሚንጌዝ ከሌላ ሰው ጋር ተጣልቶ የወረወረው ብርጭቆ የብራውነርን አንድ ዓይን አጠፋው። የሚገርመው ብራውነር በ1931 ራሱን ሲሥል አንድ ዓይኑን የጠፋ አድርጎ ነበር። ሁለቱ ሰዎች አሁን ማርሴይ ላይ አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል።

ምን ያደርጋሉ? ይጫወታሉ። ሱሪያሊስቶች ጨዋታን ከሥራ ለይተው አያዩም። ወረቀት አጥፈው አንዱ ጭንቅላት ይሥላል፣ ቀጣዩ ሳያየው ደረት ይሥላል፣ ሦስተኛው እግር፤ ከዚያ ሲዘረጉት ማንም ያላሰበው ፍጥረት ይወጣል። በዚያ ክረምት ግን ብረቶን ስለ ካርታ ታሪክ እያነበበ ነበር። የካርታ ለውጥ በታሪክ ከትልልቅ የጦር ሽንፈቶች ጋር ተያይዞ ይመጣል የሚል ነገር ቀልቡን ሳበው። እነሱም የተሸነፈ አገር ውስጥ ናቸው። በቃ፣ እንሥራ አሉ።

መጀመሪያ ነገሥታቱን አባረሩ። ንጉሥ የለም፣ ንግሥት የለም፣ ጃክ የለም። ይሄ እንኳ አዲስ አልነበረም። የፈረንሳይ አብዮት በ1793 ሉዊ 16ኛን አንገቱን ከቆረጠ በኋላ ካርታውም ላይ ነገሥታት ተነስተው ነበር። በምትካቸው የጦርነት፣ የሰላም፣ የጥበብና የንግድ መንፈስ ገቡ፤ ንግሥቶቹ ነጻነት ሆኑ፣ ጃኮቹ እኩልነት። ማርሴዮቹ ግን የበለጠ ሄዱ። በንጉሥ ቦታ ሊቅ አስቀመጡ፣ በንግሥት ቦታ ሲሬን የምትባለዋን የባሕር ሴት፣ በጃክ ቦታ ጠቢብ። አራቱንም ምልክቶች ጣሏቸው። ልብ፣ ዳይመንድ፣ ስፔድ፣ አበባ፣ ሁሉም ሄዱ። የገቡት ፍቅር፣ ህልም፣ አብዮትና እውቀት ናቸው። ፍቅር ቀይ ነበልባል፤ ህልም ጥቁር ኮከብ፤ አብዮት ቀይ መንኮራኩር፣ ደም ያለበት፤ እውቀት ጥቁር የቁልፍ ቀዳዳ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሁለት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር። አራት ምልክት። በእያንዳንዱ ሦስት ባለ ምስል ካርታ። አስ አለ፣ ጆከር አለ። ዓለምን ሁሉ እንገለብጣለን የሚሉ ሰዎች የጨዋታውን ደንብ አልነኩም! ነገ ማታ ቁጭ ብላችሁ በዚህ ካርታ ኮንከር መጫወት ትችላላችሁ። ፍቅር በፍቅር ትሰበስባላችሁ፣ አብዮቱን ትጥላላችሁ። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። የጨዋታ ሰዎች ስለሆኑ ደንብ የሌለው ጨዋታ ጨዋታ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

ማን ይሣል የሚለውም ተወስኖ ነበር። በንጉሥ ዙፋን ላይ የሚቀመጡት የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው። የፍቅር ሊቅ ገጣሚው ቦድሌር ነው፣ ሲሬኗ በፍቅር ደብዳቤዎቿ የምትታወቀው ፖርቱጋላዊት መነኩሴ፣ ጠቢቡ ጀርመናዊው ገጣሚ ኖቫሊስ። የህልም ሊቅ ገጣሚው ሎትሬአሞን፣ ሲሬኗ በተረት የምናውቃት ሕፃኗ አሊስ፣ ጠቢቡ የህልም ፈቺው ሐኪም ፍሮይድ፤ ፍሮይድ ስደት ላይ ለንደን ውስጥ ከሞተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። የአብዮት ሊቅ ጸሐፊው ማርኪ ደ ሳድ፣ ሲሬኗ ደራሲው ስታንዳል የፈጠራት ላሚየል፣ ጠቢቡ የሜክሲኮው አብዮተኛ ፓንቾ ቪላ። የእውቀት ሊቅ ፈላስፋው ሄግል ነው፣ ጠቢቡ የጥንቱ ሐኪም ፓራሴልሰስ። የእውቀት ሲሬን ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ኤሌን ስሚዝ። የማርስን ቋንቋ እናገራለሁ ትል የነበረች የጄኔቭ መንፈስ ጠሪ። ሄግል አጠገብ ማርስኛ ተናጋሪ! ጆከሩ ደግሞ አልፍሬድ ዣሪ የፈጠረው ሆዳሙ አምባገነን ኡቡ ነው፤ ዣሪ ራሱ የሣለው ምስል ተወሰደለት። ፔታን አገር በሚገዙበት ወቅት ጆከሩን አምባገነን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል።

ስምንት ሠዓሊ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፤ 12 ባለ ምስልና 4 አስ። ኤርንስት ፓንቾ ቪላንና የፍቅርን አስ ሠራ። ላም ሎትሬአሞንንና አሊስን። ብራውነር ሄግልንና ማርስኛ ተናጋሪዋን። ዣክሊን ላምባ ቦድሌርንና ደም ያለበትን መንኮራኩር። ብረቶን ራሱ ሠዓሊ አይደለም፤ ግን ፓራሴልሰስንና የቁልፉን ቀዳዳ ሠርቷል።

ከዚያ የመጣው ነገር ነው ትልቁ። ስምንት እጅ ሲሥል ስምንት ዓይነት ይወጣል፤ አንዱ በቀጭን መስመር፣ ሌላው ቀለም በወፍራሙ። እንደዚያ ከሆነ ካርታው ሲታደል ማን ምን እንደያዘ ግራ ያጋባል። ስለዚህ ፍሬደሪክ ደላንግላድ የሚባል ሠዓሊ ሁሉንም በአንድ እጅ፣ አንድ ወጥ አድርጎ እንደገና ሣላቸው። እስቲ አስቡት፣ ማክስ ኤርንስት የሣለውን ሌላ ሰው እንደገና እንዲሥለው መፍቀድ! ኤርንስት ያኔም ስሙ የታወቀ ነው። ዛሬ የትኛው ሠዓሊ ነው ይህን እሺ የሚለው? እነሱ እሺ አሉ፤ ካርታው የማንም ስላልሆነ፣ የጨዋታው ስለሆነ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። እነዚህ ሰዎች 1941 ሲገባ ነገሥታትን ከካርታ ላይ ሲያወርዱ፣ በዚያው ጥር የእኛ ንጉሠ ነገሥት በኦሜድላ በኩል አገራቸው እየገቡ ነበር። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 በእኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ ደረሱ። አንዱ ጋ ዘውድ ሲወርድ ሌላው ጋ ይመለሳል። ማርሴይ የነበሩት ይህን ያስቡት አይመስለኝም። እኔ ግን ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ቀኖቹን ሳነጻጽር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በመጋቢት 1941 ካፒቴን ፖል ለመርል የምትባል የጭነት መርከብ ከማርሴይ ተነሳች። ብረቶን፣ ላምባና ልጃቸው፣ ዊፍሬዶ ላም፣ ቪክቶር ሰርዥ አሉባት፤ ገና ስሙ ያልገነነው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ክሎድ ሌቪ ስትሮስም አለ። ወደ ማርቲኒክ ሄደች። ማሶንም ኤርንስትም በዚያው ዓመት ወጡ። ብራውነር፣ ኤሮልድና ዶሚንጌዝ ቀሩ። ብራውነርና ኤሮልድ የሩማንያ አይሁዶች ናቸው፤ መቅረት ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ሁለቱም ከጦርነቱ በሕይወት ተርፈዋል።

ካርታው በ1943 ኒው ዮርክ ውስጥ ስደተኞቹ ያዘጋጁት በነበረ መጽሔት ላይ ታየ። እንደ ካርታ ታትሞ ሰው እጅ የገባው ግን በ1983 ነው። ኦሪጅናል ሥዕሎቹን ኦብ፣ ያቺ በቪላው የነበረችው ሕፃን፣ አድጋ አርጅታ በ2003 ለማርሴይ ካንቲኒ ሙዚየም ከልጇ ጋር ሆና ሰጠች። ቤቱ ፈርሷል።

ዊፍሬዶ ላም የሚለውን ስም ስታነቡ አንዳንዶቻችሁ እስክንድር ቦጎሲያንን ሳታስታውሱ አልቀራችሁም። እስክንድር በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1955 ስኮላርሺፕ አግኝቶ ለንደን ሄደ፣ ከዚያ ፓሪስ ለዓመታት ኖረ። ፓሪስ ላይ ከላም ሥራ ጋር ተገናኘ፤ ተጽዕኖው ሥዕሎቹ ላይ ይነበባል። ላም አባቱ ቻይናዊ፣ በእናቱ በኩል የአፍሪካ ደም ያለው ኩባዊ ነው፤ ከአውሮፓ ያገኘውን ሱሪያሊዝም ወስዶ የአያቶቹን መናፍስት አስገባበት። እስክንድርም ያንን መንገድ ሲያይ የራሱ መንገድ ታየው። የእኛን ክታብ፣ የብራናውን ዓይኖች፣ ጠንቋዩንና ወፉን አንድ ላይ አመጣቸው። በ1966 ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በኋላ ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ቆየ፤ በ2003 እዚያው አረፈ። እስክንድር ካርታ ቢሠራ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ሥዕሉን ቆርጠው እንዲለጥፉበት ሳይሆን እሱ ራሱ ከደንቡ ጋር ሲታገል።

ይህን ሐሳብ ግራፊክስ ለሚሠራ አንድ ወዳጄ ሳወራው ዓይኑ በራ። «የእኛን እንሥራ!» አለ። ወዲያው ስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ። አራቱ ምልክቶች ቡና፣ ጤፍ፣ ዋልያና የላሊበላ መስቀል ይሁኑ አለኝ። እኔ ደግሞ «ኧረ ተው፣ ይሄ ኤርፖርት ሱቅ ነው» አልኩት። ማርሴዮቹ ነበልባልና መንኮራኩር ያደረጉት ሲፈሩትና ሲመኙት የነበረውን ነው። እኛ የምንፈራውና የምንመኘው ምንድን ነው? እርሻ? ቅኔ? መንገድ? ስደት? ስደት የሚለው ላይ ሁለታችንም ዝም አልን፤ ከዚያ «ጥቁር ይሁን» አለ። ቅኔም ጥቁር፤ ቀለሙ የብራና ቀለም ስለሆነ። የቅኔው ሊቅ ተዋነይ ነው፤ የጎንጁ ተዋነይ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

አብዮትን እንተወው ወይስ እናስገባው የሚለው ብዙ አጨቃጨቀን። 66ን ያየው ታላቅ ወንድሜ ጉዳዩን ሲሰማ «እሱ ካርታ እጄ ላይ ከገባ እዚያው መሬት ነው የምጥለው» አለ። እኔ ግን ይህ ራሱ ለመግባቱ በቂ ምክንያት ነው ብዬ ተከራከርኩ። ሁሉም ሰው ቶሎ ሊጥለው የሚፈልገው ካርታ ጨዋታውን ያሞቀዋል።

ጆከሩ ማን እንደሚሆን ግን ማንም ሳያስበው ሦስታችንም በአንድ አፍ ነው የተናገርነው። አለቃ ገብረ ሃና። ጆከር የትም ይገባል፣ ማንንም ይተካል፣ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክህነትም ገብቶ ሁሉን ይነካል። እንደ አለቃ ማን አለ?

አሁን ያልተስማማነው በጥጉ ቁጥር ነው። ወዳጄ የግዕዝ ቁጥር ካልሆነ ሥራው ምንም አይደለም ይላል። እኔ የግዕዝ ቁጥር እወዳለሁ፤ ግን ፮ እና ፯ን ትንሽ አድርጋችሁ ጻፏቸውና ከክንድ ርቀት እዩአቸው። ለዚያውም 13 ካርታ ዘርግቶ ለያዘ ሰው፣ ለዚያውም ማታ። እሱ ፊደሉን ራሴ አስተካክዬ እሥላለሁ፣ የ፯ን እግር አረዝመዋለሁ ይላል። እኔ ሁለቱንም ቁጥር እናድርግ፣ ከላይ የግዕዝ፣ ከታች የተለመደው ስለው፣ ታዲያ ሲገለበጥ የቱ ነው ከላይ ብሎ አፌን አስያዘኝ። ልክ ነው። ካርታ ላይና ታች የለውም። ስለዚህ ለጊዜው ስድስትና ሰባትን ብቻ አሥር ዓይነት አድርጎ እየሣለ ነው፤ በየጊዜው በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እኔም ስልኬን ራቅ አድርጌ እያየሁ «አሁንም ስድስት ይመስላል» እያልኩ እመልስለታለሁ።